ከሶፍትዌር ማሻሻያ በኋላ የመረጃ ቋት ሰርቨር ለምን ይንቀራፈፋል?

መግቢያ

ከዓመታት በፊት በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የደረሰ አንድ ገጠመኝ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኗል። የተማሪዎችን ስም፣ ውጤትና ክፍያ የሚይዘው የመረጃ ቋት፣ በተለምዶ ዳታቤዝ የምንለው፣ ሶፍትዌሩ ቅዳሜ ሌሊት በአዲስ እትም ተተካ። እሑድ ቀን ኃላፊው ባለሙያ ብቻውን ተቀምጦ ሞከረው። የሚፈልገው ገጽ ሁሉ ያለ ችግር ተከፈተለት። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ምዝገባ ተጀመረ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ሰርቨሩ መልስ መስጠት አቆመ። ከሬጅስትራሩ ደጃፍ ጀምሮ እስከ ግቢው በር የተሰለፈው ተማሪ፣ ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣው ጭምር፣ ሻንጣውን እንደያዘ ቆሞ ዋለ። ባለሙያው ደጋግሞ የተናገረው አንድ ነገር ነበር፦ «ትናንት እኮ ይሠራ ነበር!»

እውነቱን ነበር። ሰርቨሩ እሑድ ዕለት በትክክል ይሠራ ነበር። ሰኞ ዕለት የተበላሸ ዕቃ፣ የተቃጠለ ክፍል ወይም የገባ ቫይረስ አልነበረም። ታዲያ ምን ሆነ?

የፊዚክስ መምህር በሰርቨር ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ በመሠረቱ የጊዜ፣ የወረፋና የልኬት ጉዳይ ነው። አንድን ሥርዓት ከለወጥን በኋላ «እንደ በፊቱ ይሠራ ይሆን?» ብሎ መሥጋት ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ ሥጋቱ ከየት እንደሚመነጭ፣ እንዴትስ በቁጥር ሊለካ እንደሚችል በቀላል ስሌት ለማሳየት ይሞክራል። ለመረዳት ከማካፈልና ከማባዛት ያለፈ ሒሳብ እምብዛም አያስፈልግም።

1. የወረፋ ሒሳብ

አንድ ገንዘብ ተቀባይ ብቻ ያለበትን መስኮት በዓይነ ኅሊናችን እንሳል። ደንበኞች በዘፈቀደ ይመጣሉ፤ እያንዳንዱን ለማስተናገድ በአማካይ የተወሰነ ጊዜ ይወስዳል። ይህን የአገልግሎት ጊዜ እንበለው። ደንበኛው ግን የሚያየው የአገልግሎት ጊዜን ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ የቆሙትም ይጨመሩበታል። ወረፋ ከያዘበት እስከሚወጣበት ያለውን ጠቅላላ ጊዜ የቆይታ ጊዜ እንለዋለን። ይህን መሰል ጥያቄ በሒሳብ መልክ በማስያዝ ፈር ከቀደዱት አንዱ ዴንማርካዊው ኤርላንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ኮፐንሀገን የስልክ ጥሪዎች መጨናነቅ ያሳተመው ጥናት የዘርፉ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

አገልጋዩ አንድ ብቻ ሲሆንና የደንበኞች አመጣጥም ሆነ የአገልግሎቱ ርዝመት በዘፈቀደ ሲለዋወጥ፣ የሚከተሉት ሁለት ቀመሮች ይሠራሉ፦

ጫና = በሰከንድ የሚመጡ ጥያቄዎች ብዛት × የአገልግሎት ጊዜ

የቆይታ ጊዜ = የአገልግሎት ጊዜ ÷ (1 − ጫና)

ጫና አገልጋዩ ከጠቅላላው ጊዜ ምን ያህሉን በሥራ እንደሚያሳልፍ የሚያሳይ ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ነው። ጫናው 0.5 ሲሆን ቆይታው የአገልግሎት ጊዜውን 2 እጥፍ ይሆናል፤ 0.8 ሲሆን 5 እጥፍ፣ 0.9 ሲሆን 10 እጥፍ፣ 0.99 ሲሆን ደግሞ 100 እጥፍ። ጫናው ወደ 1 በተጠጋ ቁጥር ቆይታው ወደ ላይ ይወነጨፋል።

አሁን ወደ ሰርቨራችን እንመለስ። ለስሌት እንዲመች በሰከንድ 100 ጥያቄዎች ይመጣሉ፣ እያንዳንዱም በአማካይ 8 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። ጫናው 100 × 0.008 = 0.8 ነው፤ የቆይታ ጊዜው 8 ÷ 0.2 = 40 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ተጠቃሚው ይህን ከነጭራሹ አያስተውለውም። ከማሻሻያው በኋላ የአገልግሎት ጊዜው በ20 በመቶ ብቻ ጨምሮ 9.6 ሚሊሰከንድ ቢሆንስ? ጫናው 0.96 ይሆናል፤ የቆይታ ጊዜው 9.6 ÷ 0.04 = 240 ሚሊሰከንድ። አንድ አምስተኛ የሆነ መዘግየት በተጠቃሚው ዘንድ 6 እጥፍ ሆኖ ታየ ማለት ነው።

የአገልግሎት ጊዜው 12.5 ሚሊሰከንድ ከደረሰ ደግሞ ቀመሩ ራሱ መሥራት ያቆማል። ሰርቨሩ በሰከንድ ማስተናገድ የሚችለው 80 ጥያቄ ሲሆን የሚመጣው 100 ነው። በየሰከንዱ 20 ጥያቄ ይከማቻል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ 12,000 ጥያቄ ወረፋ ይይዛል። ይህም ተጠቃሚዎች በትዕግሥት ቢጠብቁ ነው። ገጹ የዘገየበት ተማሪ ግን አዝራሩን ደግሞ ደጋግሞ ይጫናል፤ እያንዳንዱ ጭነት አዲስ ጥያቄ ሆኖ ይሰለፋል። መዘግየት ጥያቄን ያበዛል፣ የበዛው ጥያቄ መዘግየትን ያብሳል። በፊዚክስ አዎንታዊ ግብረ መልስ የምንለው ይኸው ነው። አንዳንድ ጊዜም የመጀመሪያው ምክንያት ከተወገደ በኋላ እንኳ ሥርዓቱ ከተዘፈቀበት ሳይወጣ የሚቆየው በዚህ የተነሣ ነው።

እውነተኛ ሰርቨር ብዙ ፕሮሰሰሮችና ዲስኮች ስላሉት ትክክለኛው ቀመር ከዚህ ይወሳሰባል። የኩርባው ጠባይ ግን አይለወጥም፤ ለረጅም ርቀት ዝግ ብሎ ይሄድና በድንገት ሽቅብ ይወጣል።

የእሑዱ ምስጢር እዚህ ላይ ይፈታል። ብቻውን የሚሞክር ሰው ወረፋ የለበትም፤ የሚለካው የአገልግሎት ጊዜን ብቻ ነው። በ8 እና በ12.5 ሚሊሰከንድ መካከል ያለውን ልዩነት የሰው ዓይን አይለይም። ስለዚህ ባለሙያው ግድየለሽ አልነበረም፤ የለካው ከሚያስፈልገው የተለየ መጠን ነበር።

2. ማሻሻያ የአገልግሎት ጊዜን እንዴት ይለውጣል?

አዲስ እትም የሚወጣው ሥራን ለማፋጠን ወይም ስሕተትን ለማረም ሆኖ ሳለ እንዴት ያዘገያል? ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን እናያለን።

ሀ) የቀዘቀዘ ማስታወሻ። መረጃው በቋሚነት የሚቀመጠው በዲስክ ላይ ነው። ተደጋግሞ የሚፈለገው ግን ለፍጥነት ሲባል በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ውስጥ ይያዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ ግድ ነው። ክንዱ ወደ ቦታው የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሲጨመርበት አንድ ንባብ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ከሜሞሪ ማንበብ ግን 100 ናኖሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጃል። ልዩነቱ 80,000 እጥፍ ነው። ዛሬ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚገኙት የማይሽከረከሩ ዲስኮች ልዩነቱን ወደ 1,000 እጥፍ ገደማ አጥብበውታል እንጂ አላጠፉትም።

ከ100 ንባቦች 99ኙ ከሜሞሪ ቢገኙ፣ በሚሽከረከረው ዲስክ የአንድ ንባብ አማካይ ጊዜ 0.08 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ከሜሞሪ የሚገኙት 90 ብቻ ቢሆኑ 0.8 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ከ99 ወደ 90 መውረድ በቁጥር ቀላል ይመስላል፤ በጊዜ ግን 10 እጥፍ መዘግየት ነው። ሰርቨር ለማሻሻያ ተዘግቶ ሲከፈት ሜሞሪው ባዶ ስለሚሆን የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሁልጊዜ አደገኞች ናቸው። ችግሩ ጊዜያዊ ቢሆንም ጊዜያዊው ችግር ከምዝገባ ጠዋት ጋር ከገጠመ ከላይ ያየነውን ወረፋ ይወልዳል።

ለ) የጠፋ ግምት። የመረጃ ቋት አንድ ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱን በብዙ መንገድ ሊፈልግ ይችላል። ጥቂት ስሞች ከተፈለጉ በማውጫው እየተመራ አንድ በአንድ ማውጣት ይሻላል፤ ብዙ ከተፈለጉ ግን ሰንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ማንበብ ይቀላል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው አስቀድሞ ስለ መረጃው የተሰበሰበ ስታትስቲክስ ነው፤ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ በየትምህርት ክፍሉ ምን ያህል እንደሚገኝ፣ ወዘተ።

በምሳሌ እንየው። ሰንጠረዡን በሙሉ ማንበብ 2 ሰከንድ፣ በማውጫ አንድ ስም ማውጣት 8 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። ፕሮግራሙ 10 ስሞች ብቻ እንደሚፈለጉ ከገመተ በማውጫ 80 ሚሊሰከንድ ይበቃዋልና ያንን መንገድ ይመርጣል። እውነተኛው ቁጥር 5,000 ከሆነ ግን 40 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በ2 ሰከንድ ማለቅ ይችል የነበረው ሥራ 20 እጥፍ ዘገየ። መረጃው ያው ነው፣ ማሽኑም ያው ነው፤ የተለወጠው ግምቱ ብቻ ነው።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ሥጋት ብቻ አይደለም። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ስመ ጥር የመረጃ ቋት ወደ አዲስ ዋና እትም በራሱ ማሻሻያ መሣሪያ ሲሸጋገር፣ መረጃውን እንጂ ስታትስቲክሱን ይዞ አይሻገርም ነበር፤ ይህ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 18ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት ከማሻሻያ በኋላ ስታትስቲክሱን እንደገና የሚሰበስበውን ትእዛዝ መስጠት የረሳ ሰው፣ ሰርቨሩን በጨለማ እንዲዳክር ይተወው ነበር። በመግቢያችን የተነሣው ሰርቨርም የታመመው በዚሁ ነበር። ምክንያቱ ከቀትር በኋላ ሲታወቅ ሕክምናው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆነ፤ ምዝገባው ግን በሁለት ቀን መራዘሙ አልቀረም።

ሐ) የተለወጠ የፊደል ተራ። ሦስተኛው ምክንያት ከመዘግየትም የከፋ ነው። አንድ ሚሊዮን ስሞች በፊደል ተራ ከተደረደሩ፣ ዝርዝሩን በግማሽ በግማሽ እየከፈሉ በመሄድ ማንኛውንም ስም በ20 እርምጃ ማግኘት ይቻላል። ይህ የሚሆነው ግን የደረደረውና የሚፈልገው አንድ ዓይነት ተራ ሲከተሉ ብቻ ነው። በሀገራችን ፊደል ሁለት የተራ ልማድ መኖሩ ይታወቃል፤ «ሀለሐመ» እና «አበገደ»። አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ካርዶቹን በሀለሐመ ተራ ደርድሮ ሥራ ቢለቅና ተተኪው በአበገደ ተራ ቢፈልግ፣ «በቀለ» የሚለውን ስም ከመጀመሪያዎቹ ካርዶች ዘንድ ፈልጎ ያጣዋል። ካርዱ አለ፤ ተተኪው ግን «የለም» ብሎ በሙሉ ልብ ይመልሳል። ይባስ ብሎም «ከሌለ እንግዲህ ልመዝግበው» ብሎ ሁለተኛ ካርድ ያስገባል።

በኮምፒዩተር ዓለምም ይኸው ደርሷል። በሊኑክስ ላይ የፊደላትን ቅደም ተከተል የሚወስነው ጂሊብሲ የተባለው መሠረታዊ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 2.28 እትሙ ደንቡን ለወጠ። በዚህ ደንብ ተደግፈው የተሠሩ የፖስትግሬስኪውኤል ማውጫዎች እንደገና ካልተሠሩ በስተቀር ያለውን የለም ማለት፣ መደገም የሌለበትንም መድገም ጀመሩ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የመረጃ ቋቱ ሶፍትዌር ራሱ ሳይነካ ከሥሩ ያለው ሥርዓት ብቻ ተሻሽሎም ጉዳት ሊደርስ መቻሉ ነው።

3. ከሌሎች ምን እንማራለን?

በሰኔ ወር 2012 እ.ኤ.አ. ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ የዕለቱን የሒሳብ ሥራዎች በቅደም ተከተል የሚያሠራውን ሶፍትዌር አሻሻለ። ችግር ሲታይ ማሻሻያው እንዲነሣና ወደ ቀድሞው እትም እንዲመለስ ተወሰነ። ነገር ግን መመለሱ ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ አልተሞከረም ነበር፤ ሁለቱ እትሞች አልተጣጣሙም። በእንግሊዝ ብቻ ከ6.5 ሚሊዮን የማያንሱ ደንበኞች ተጎዱ፤ ሒሳባቸውን ማየትና ክፍያቸውን በወቅቱ መፈጸም ያልቻሉ ብዙዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣናት በባንኩ ላይ በድምሩ 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣሉ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ መመለሻ መንገድ አለኝ ማለትና መመለሻ መንገዱን ሄዶ ማየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከቤታችንም ምሳሌ አናጣም። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በአንድ ሌሊት ለሰዓታት ተዛብቶ፣ በርካታ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዘዋወር መቻላቸው ይታወሳል። ከእነዚህ መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ፤ በኋላም ገንዘቡን እንዲመልሱ ተጠይቀዋል። በወቅቱ ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መግለጫ ችግሩን ከመደበኛ የሥርዓት ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር አያይዞት ነበር። ይህ የፍጥነት ሳይሆን የትክክለኛነት ችግር ነው። ሆኖም «ፈጥኖ መለሰልኝ» የሚለው ብቻውን በቂ ፈተና እንዳልሆነ ያስተምራል፤ የተሳሳተ መልስ በፍጥነት መስጠትም ይቻላልና።

4. ሥጋትን ወደ ልኬት መለወጥ

ከላይ ያለውን ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ባልነካው ይሻላል» ሊል ይችላል። ይህም ስሕተት ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ለምሳሌ ለአንድ ዋና እትም ጥገና የሚሰጠው ለ5 ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። አለመሻሻልም ውሎ አድሮ ዋጋ ያስከፍላል። መፍትሔው በቤተ ሙከራ የምንከተለው ሥርዓት ነው።

አንደኛ፣ ከለውጡ በፊት ለኩ። ቀድሞ ምን ያህል ይፈጥን እንደነበር ያልመዘገበ ሰው ከለውጡ በኋላ ዘገየ ወይም ፈጠነ ለማለት መብት የለውም። ልኬቱም ጸጥ ባለው ሌሊት ሳይሆን ሥራ በሚበዛበት ሰዓት የተወሰደ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ሙከራው እውነታውን ይምሰል። 100 ስም ባለው የናሙና ሰንጠረዥ ላይ ሁሉም ነገር ፈጣን ነው። የእውነተኛውን መረጃ ሙሉ ቅጂ በሌላ ማሽን ላይ አስቀምጦ፣ የብዙ ተጠቃሚዎችን ጥያቄ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ በአማካይ ብቻ አትታለሉ። ከ100 ጥያቄዎች 99ኙ በ20 ሚሊሰከንድ፣ አንዱ በ5 ሰከንድ ቢመለሱ አማካዩ 70 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ የሚያስደነግጥ አይመስልም። አንድ ገጽ ለመክፈት 30 ጥያቄዎች የሚያስፈልጉ ከሆነ ግን፣ ቢያንስ አንዱ ዘገምተኛ የመሆን ዕድሉ 1 − 0.99³⁰ ማለትም 26 በመቶ ገደማ ነው። ከአራት ተጠቃሚዎች አንዱ ያማርራል ማለት ነው። ስለዚህ በጣም የዘገዩትን ለይቶ መመዝገብ ይገባል።

አራተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ለውጡ። ሶፍትዌሩን፣ ዲስኩንና የሥርዓተ ክወናውን እትም በአንድ ሌሊት የለወጠ ሰው ችግር ቢያጋጥመው ጥፋተኛውን መለየት አይችልም። ከለውጡም በኋላ ስታትስቲክሱን ማደስ፣ ማውጫዎቹን መፈተሽ፣ ሜሞሪውም ሥራ ከመበርታቱ በፊት እንዲሞቅ ጊዜ መስጠት አይዘነጋ።

አምስተኛ፣ የመመለሻውን ወሰን አስቀድማችሁ ጻፉ። «ቆይታው ለ15 ደቂቃ ያህል ከ200 ሚሊሰከንድ በላይ ከሆነ ወደ ቀድሞው እንመለሳለን» ብሎ በወረቀት ያሰፈረ ቡድን በጭንቅ ሰዓት አይከራከርም። መመለሻውም አስቀድሞ የተሞከረ ይሁን። አዲሱ ሥርዓት አዳዲስ መዝገቦችን መቀበል ከጀመረ በኋላ መመለስ በየሰዓቱ እየከበደ ይሄዳልና ውሳኔው ፈጣን መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

የመረጃ ቋት ሰርቨር ከማሻሻያ በኋላ የሚንቀራፈፈው ብዙውን ጊዜ በትልቅ ብልሽት ሳይሆን፣ ወደ ወሰኑ በተጠጋ ሥርዓት ላይ በተጨመረ ትንሽ መዘግየት ነው። ጫናው 0.5 የሆነ ሰርቨር የ20 በመቶ መዘግየትን ችሎ ያልፋል፤ ጫናው 0.8 የሆነው ግን ይንገዳገዳል፤ 0.9 የሆነው ይወድቃል። ስለዚህ ከማሻሻያው በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ «አዲሱ እትም ምን ያህል ፈጣን ነው?» ሳይሆን «እኛ ከወሰኑ ምን ያህል እንርቃለን?» የሚለው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በአንድ ሌሊት ጥድፊያ ያልተለካው ነገር በማግስቱ በሺህ ተማሪ ፊት ይለካል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ሰርቨር በሰከንድ 150 ጥያቄዎች ይደርሱታል፤ የአገልግሎት ጊዜው 5 ሚሊሰከንድ ነው። ማሻሻያው የአገልግሎት ጊዜውን ወደ 4 ሚሊሰከንድ ቢያወርደው የቆይታ ጊዜው ከስንት ወደ ስንት ይለወጣል? (መልስ፦ ከ20 ወደ 10 ሚሊሰከንድ። የ20 በመቶ መሻሻል ቆይታውን በግማሽ ቀነሰው።)

2. ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ባረጋገጡት ሕግ መሠረት፣ በሥርዓቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኙ ጥያቄዎች አማካይ ብዛት በሰከንድ የሚመጡት ጥያቄዎች ብዛት በቆይታ ጊዜው ሲባዛ የሚገኘው ነው። በጽሑፉ ክፍል 1 ምሳሌ፣ ከ20 በመቶው መዘግየት በፊትና በኋላ ይህ ብዛት ስንት ነው? ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ጥያቄ የማይቀበል ቢሆን ምን ይከሰታል? (የመጀመሪያው ክፍል መልስ፦ 4 እና 24። ሁለተኛውን ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት።)